ንጉሥ ይሙት ያልሁ ዕለት

እኔ ሙግት የምወድ ሰው ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ የደረሰብኝን ስትሰሙ «ምን አድርጎ ነው?» እያላችሁ እንዳትደክሙ ብዬ ነው። ሌላው ሰው የጠላ ቤት ደጃፍ ማለፍ ሲያቅተው፥ እኔ ሁለት ሰዎች ዘንጋቸውን እየሰበቁ ሲከራከሩ ካየሁ ማለፍ ያቅተኛል። ድሮ በእኛ አገር ተሟጋቾች መንገደኛውን አቁመው «እባክህ ዳኛ ሁነን» ይሉት ነበር። እኔን ማንም ማቆም አያስፈልገውም፤ ራሴ ቆሜ እጠብቃቸዋለሁ። ባለቤቴ «ጨው ግዛ ተብለህ ወጥተህ ፍርድ ሰጥተህ ትመለሳለህ» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ ጨው ይዤ የተመለስሁበት ቀን ጥቂት ነው።

ሥራዬ ድብትርና ነው። ከሐይቁ ዳር ካለች አንዲት ደብር አገለግላለሁ። የሕጉን መጽሐፍ ደግሞ ከአንድ ሊቅ እግር ሥር ተቀምጬ እስከ ግማሹ ሰምቻለሁ። ሕግ ጨርሶ ያልሰማ ሰው ዝም ይላል፥ ሁሉን የሰማም ዝም ይላል፤ አገር የሚያስቸግረው ግማሹን የሰማ ነው።

ነገሩ የሆነው ጣሊያን ባሕር ዳር በገባ በሁለተኛው ዓመት፥ አንድ ሐሙስ ጧት ነው። በማግስቱ ደቅ ደሴት ላይ ንግሥ ነበረ። የምሄደው ለማኅሌቱ ስል ነው ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን ደቆች ከማኅሌቱ በኋላ የሚያቀርቡትን ድግስ የሚያውቅ ሁሉ ይታዘበኛል። ብቻ መቋሚያዬን ይዤ ወደ ሐይቁ ወረድሁ። ታንኳዬን ከሦስት ቀን በፊት ከውሃ አውጥቼ፥ ፀሐይ እንዲመታው ዳር ያለ ሾላ ላይ አስደግፌ አቁሜው ነበር። የእኛ ታንኳ ከደንገል፥ ከሐይቅ ዳር ቄጠማ፥ የታሰረ ነው፤ ደንገል ደግሞ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል። በየጊዜው ካልደረቀ ሰው መሸከሙን ትቶ ራሱ ተሸካሚ ይፈልጋል። ስደርስ በእኔ ታንኳ ቦታ ሌላ፥ ውሃ የጠገበ ታንኳ ቆሞ ይንጠባጠባል። የእኔው ደግሞ ሰው ተቀምጦበት ከዳር ሃምሳ ክንድ ያህል ርቆ ይሄዳል።

ብልህ ሰው ቢሆን «ወንድሜ፥ ታንኳ ተሳስተሃል» ብሎ ይጣራል። እኔ ግን ደረቴን ነፍቼ፥ በማኅሌት በተሞረደ ድምፄ፥

«ንጉሥ ይሙት! ቁም!» አልሁ።

ለዛሬ ልጆች ይህ ነገር ግራ ሳይሆን አይቀርም። በእኛ ዘመን ሰው ሲበደልና ጉልበት ሲያጥረው የንጉሥን ሞት ጠርቶ በዳዩን ያቆመዋል። ሞት መመኘት አይደለም፤ የተገላቢጦሽ ነው። «አልቆምም ካልህ ንጉሥ ይሙት፤ እንግዲህ እሱ እንዲሞት የምትወድ ከሆነ እለፍ» ማለት ነው። ማን ያልፋል? የሚሮጠው ይቆማል፥ የተነሣ ዱላ ባለበት ይቀራል፥ ባለጠጋው ለድኻው ይቆማል። ወረቀት የለ፥ ማኅተም የለ፥ ጠመንጃ የለ። ከዚያ የከሳሽና የተከሳሽ ጋቢ ጫፍ ለጫፍ ይቋጠርና ሁለቱ ጎን ለጎን ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። ቁራኛ ይባላል።

ሰውየው መቅዘፉን አቆመ። እሱ ብቻ አይደለም፤ ልብስ የሚያጥቡት ሴቶችም ቆሙ፤ አንዷ የምትወቅጠውን ቡልኮ ከፍ እንዳደረገች ቀረች። ሰውየው ታንኳውን አዙሮ ቀስ እያለ ወደ ዳር መጣ። ሲቀርብ አወቅሁት። እንድሪስ ነው፤ ከሐይቁ ዳር እስላሞች አንዱ፥ ደንገል እያሰረ ታንኳ የሚሠራ፥ ዓሣም የሚያጠምድ ሰው። የእኔንም ታንኳ የሠራው እሱ ነበር።

«ደብተራ» አለኝ እየወረደ፤ «ለአንዲት ታንኳ ንጉሥ ይጠራል?»

«ለትልቅ ለትልቁ ብቻ ከጠራነው ይረሳናል» ብዬ የጋቢዬን ጫፍ ከጋቢው ጫፍ ጋር ቋጠርሁ። ሊናገር አፉን ሲከፍት «ከዳኛ ፊት ትናገራለህ!» አልሁት።

ከዚያ ሁለታችንም ቆምን። ለካ ወዴት እንደምንሄድ አላሰብሁም። የጥንቱ ዳኛችን ጫካ ከገባ ዓመት አልፎታል፤ በወንበሩ ላይ ማን እንደተቀመጠ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። እንድሪስ አየኝ፥ እኔም አየሁት። ምናልባት እዚያው ቋጠሮውን ፈትቼው ድግሴን እደርስ ነበር፤ ነገር ግን ድምፄ ከእንድሪስ አልፎ ሌላ ጆሮ ደርሶ ኖሯል።

ጣሊያን ካገሬው ልጅ ለመለመላቸው ፖሊሶች «ዘብጥያ» የሚል ስም ነበረው። እኛ ስሙን ከሰዎቹ ወስደን ለእስር ቤቱ ሰጠነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ ሰው ሲታሰር ዘብጥያ ወረደ እንላለን። የባሕር ዳሩ ዘብጥያ ኪዳኔ የሚባል፥ ከመረብ ማዶ የመጣ ቀጭን ሰው ነበር። የጣሊያንኛም የአማርኛም አስተርጓሚው እሱው ነው። ከጀልባ ማቆሚያው በኩል እየሮጠ መጣና እጄን ያዘ።

«‹ንጉሥ ይሙት› ብለሃል። ተይዘሃል።»

መፍራት ነበረብኝ። እኔ ግን፥ እግዜር ይቅር ይበለኝ፥ ደስ አለኝ። ሙግት መጣ።

«ወረቀት አለህ?» አልሁት። ማርሻሎው፥ ማለትም የፖሊሶቹ አለቃ ጣሊያን፥ ገበያ ላይ ቆሞ «ማኅተሜ ያረፈበት ወረቀት ሳይታይ ማንም ሰው ከቤቱ አይወሰድም» ሲል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

«ያ ከቤቱ ለሚወሰድ ነው። አንተ ቤትህ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያው ወረቀት አያስፈልግህም። ጥፋት ሲሠራ የተገኘ በተገኘበት ይያዛል። እጅ ከፍንጅ ነው ያገኘሁህ።»

«እጅ ከፍንጅማ የሚያዝ ሌባ ነው!» አልሁት፤ «ዕቃው እጁ ላይ ይገኛላ። የእኔ ጥፋት ቃል ነው። ቃሉ የት አለ? ይኸው፥ ፈትሽ!» ብዬ አፌን በሰፊው ከፈትሁለት። ኪዳኔ የታዘዘ ይመስል ጎንበስ ብሎ አየ።

«ያየሁት የጎደለ ጥርስ ነው» አለ ቀና ብሎ።

እንድሪስ «ተው ደብተራ፥ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው» አለኝ በሹክሹክታ።

ኪዳኔ እጄን በገመድ አስሮ ሲጎትተኝ እንድሪስም በቋጠሮው ተጎትቶ መጣ። «አንተን አልያዝሁም፥ ሂድ» አለው። «እኔ የተያዝሁት በእሱ ነው፤ እሱ ሲያዝ ወዴት እሄዳለሁ?» አለ እንድሪስ። «ቋጠሮውን ፍታዋ!» ቢለው «ቁራኛ ያለ ዳኛ አይፈታም» አለ። እንዲህ ሆነን፥ እኔ በገመድ፥ እሱ በጋቢ፥ ከማርሻሎው ፊት ቀረብን።

ማርሻሎው ቁጡ ሰው አልነበረም። መነጽሩን እየጠረገ አየንና በኪዳኔ በኩል «የትኛው ነው እስረኛው?» ብሎ ጠየቀ። ኪዳኔ እኔን አሳየው። «ያኛውስ?» አለ። ኪዳኔ ትንሽ አሰበና አንድ ነገር ተናገረ፤ የእስረኛው እስረኛ ነው ማለቱ ይመስለኛል፥ ምክንያቱም ማርሻሎው ሳቀ። ከዚያ ያልሁትን ቃል ነገረው። ማርሻሎው መሳቁን ተወ፥ መነጽሩንም አደረገ።

«የትኛው ንጉሥ?»

ጥያቄው አጭር ነው። እሱ አገር አንድ ንጉሥ አለ፤ «ከእንግዲህ ንጉሣችሁ እሱ ነው» ተብለናል። ባሕር ማዶ ደግሞ የተሰደደው የእኛው አለ። የእናንተን ነው ካልሁ እሰቀላለሁ። የእኛን ነው ካልሁ እፈታለሁ፤ ግን የገዛ ንጉሡን ሞት የተመኘ ደብተራ ተብዬ ከየትኛው ማኅሌት እቆማለሁ? መሐላ ነው፥ አክብሮት ነው ብዬ እውነቱን ከተናገርሁ ደግሞ በስደተኛው ንጉሥ ስም ሰው አቁሜያለሁ ማለት ነው፤ ይህ ከሁሉ የባሰ ነው። ሙግት ወዳጅ ነኝ ብያችሁ የለ? ከሦስቱ እውነቱን መረጥሁ። ጀግና ስለሆንሁ አይደለም፤ ማስረዳት ስለምወድ ነው።

ብዙ አስረዳሁ። ስለ መሐላ ዓይነቶች፥ ስለ ሞት አጠራር፥ አንድ ሁለት ቅኔም ጣል አደረግሁ። ኪዳኔ ያን ሁሉ በአራት ቃል ተረጎመው። ማርሻሎው በመገረም አየኝና «ስትወዱት ይሙት የምትሉ ከሆነ፥ ስትጠሉት ምን ትላላችሁ?» አለ።

«ስንጠላውማ ሺህ ዓመት…» ብዬ ስጀምር እንድሪስ ቋጠሮውን በኃይል ሳበው። ጋቢው አንገቴን አነቀኝ፤ «ሺህ ዓመት ያንግሥህ» በየሰልፉ የምንለው ለእነሱ ንጉሥ ነበርና፥ ነፍሴ የተረፈችው በዚያ ነው።

«ጌታው» አለ እንድሪስ፤ «ይሙት ብሏል፥ ይሙት ነው። ምን ያስረዝማል?»

ማርሻሎው ዞሮ አየው። «አንተስ የቆምኸው ለየትኛው ንጉሥ ነው?»

«እኔ የቆምሁት ታንኳው የእሱ ስለሆነ ነው።»

ማርሻሎው አሰበ። ከዚያ በጣቱ ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጎ ፈረደ። ይሙት ያልሁት በእርግጥ የተሰደደውን ንጉሥ ከሆነ መልካም ነው፤ ነገር ግን ለእሱ ብቻ መናገሬ አይበቃም። ቅዳሜ ገበያ መሐል ቆሜ፥ ሕዝቡ እየሰማ፥ ሦስት ጊዜ «ንጉሥ ይሙት» እላለሁ፤ ያን ጊዜ እፈታለሁ። እምቢ ካልሁ በጀልባ ጎርጎራ፥ ከጎርጎራም ጎንደር እስር ቤት እላካለሁ። ጎንደር ከተላኩት ከእኛ ሰፈር የተመለሰ አንድም አልነበረም። ቋጠሮው ደግሞ ማስረጃ ነውና እስከ ቅዳሜ እንዳይፈታ ብሎ አዘዘ።

ዘብጥያው የዕቃ ማስቀመጫ ነበር፤ ጥግ ላይ መረብ ተከምሮበታል፥ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። እዚያ ሁለት ቀን በአንድ ቋጠሮ ኖርን። በአንድ ጋቢ ታስሮ መኖር በቃል አይነገርም። እንድሪስ ሊሰግድ ሲደፋ እኔንም ይዞኝ ይወርዳል። እኔ ለጸሎት ስቆም እሱን ይዤው እነሣለሁ። በመጨረሻ ተማከርን፤ እሱ ሲሰግድ እኔ አጠገቡ እቀመጣለሁ፥ እኔ ስጸልይ እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ይቆምልኛል። «የዛሬው ረዘመ» እያለ ያጉረመርማል እንጂ አንድ ቀን አልተቀመጠብኝም።

ዓርብ ቀትር ላይ፥ ደቆች ድግሱን ሲያነሡ በዓይነ ኅሊናዬ እየታየኝ፥ «ግን እንድሪስ፥ ታንኳዬን ለምን ሰረቅኸኝ?» አልሁት።

«ማን ሰረቀህ? የእኔ ውሃ ጠግቦ ነበር፥ መረቤም መሐል ሐይቅ ነው። የቸኮለ ሰው የደረቀውን ይወስዳል፥ የራሱን አቁሞለት ይሄዳል። ማታ ሁሉም በየቦታው ነው። የታንኳ ሰው ወግ ይሄው ነው። ስንት ዓመት ሐይቅ ዳር ኖረህ አታውቅም?»

«ታዲያ ያኔውኑ አትነግረኝም ነበር?»

«መች አስተነፈስኸኝ!»

አፈርሁ። እውነቱን ነው፤ ወረቀት የለህም ብዬ ኪዳኔን ስሞግት የዋልሁ እኔ፥ ያለ ወረቀትም ያለ ጥፋትም ሰው ይዤ ነበር። «ካላጠፋህ ለምን ቆምህልኝ ታዲያ?» አልሁት።

«ንጉሥ ሲጠራ ያጠፋም ያላጠፋም ይቆማል። ማጥፋቱ የሚታየው ከቆመ በኋላ ነው።»

ያን ከሰዓት ብዙ አሰብሁ። እኔ እንድሪስን በከንቱ ይዤዋለሁ፤ ነገር ግን ስይዘው የቋጠሮው ግማሽ በእኔ ጋቢ ላይ ነበር። እሱ ሲራመድ እራመዳለሁ፥ እሱ ሲራብ እራባለሁ፥ ዋሽቼ ከሆነም ከዳኛው ፊት አብሬው ነኝ። ሰው በከንቱ የሚይዝ ሰው ቢያንስ አብሮ መታሰሩን ያውቃል። የማርሻሎው ገመድ ግን አንድ ጫፍ ብቻ ነው ያለው። ሕጋቸው መጥፎ ነው ለማለት አይደለም፤ ወረቀት ማለታቸው ደግ ነበር፤ አንድ ቀን ለእኛ ሰው ሲሠሩበት ባይ።

ወደ ማታ ባለቤቴ እራት ይዛ መጣች። እሷ ከእኔ ጋር ተሟግታ የመጨረሻውን ቃል ለእኔ ትታ አታውቅም። የማርሻሎውን ፍርድ ስነግራት አገልግሉን አስቀምጣ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገችና «ብቻ ና» አለችኝ። ሌላ አልተናገረችም። እሷ ከሄደች በኋላ አገልግሉን ሳልከፍት ተውሁት።

«በል፥ ትለዋለህ» አለኝ እንድሪስ። «አላህ ልብ ያያል።»

«ገበያተኛው ግን ልብ አያይም።»

አገልግሉን ገፋ አድርጎ ወደ እኔ አቀረበው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ እጄን ዳግም በገመድ አስረው አወጡን። ገበያው ሞልቷል፤ ከእንፍራንዝ በርበሬ ጭነው የመጡ፥ ከደልጊ ዓሣ አድርቀው ያመጡ፥ ሁሉም ይጮኻል፥ አህያው ያናፋል። መሐሉ ላይ የናፍጣ በርሜል ገልብጠው እላዩ ላይ አወጡኝ፤ እንድሪስ ከታች በቋጠሮው ተንጠልጥሎ ቆመ። ኪዳኔ በቀኝ፥ ማርሻሎው ከፊቴ በወንበር ላይ። ካህናቱን አየሁ፥ ጎረቤቶቼን አየሁ፥ ባለቤቴን አየሁ። ከዚህ በርሜል ስወርድ የምሆነውን ሰው ፈራሁት። ጎንደርንም ፈራሁ። ከሁለቱ ፍርሃት የቱ እንደበለጠብኝ ዛሬም አላውቅም፤ ብቻ አፌ ተከፈተ።

«ንጉሥ ይሙት!»

ገበያው ቆመ።

መቼም ይህን አስቤው ነበር ብል ውሸት ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ሰው ምን ይለኛል ስል፥ ቃሉ ምን እንደሚያደርግ ረስቼዋለሁ። በርበሬ የምትሰፍር ሴት እጇ ቁናው ላይ ቀረ። አንድ በሬ ሻጭና ገዢው እጅ ለእጅ እንደተማቱ ቀሩ። ጩኸቱ ከአጠገቤ ጀምሮ እየጠፋ እስከ ሐይቁ ድረስ ሄደ። የቆቡን ጫፍ የነካ፥ ጋቢውን ከትከሻው ያወረደ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ባሕር ማዶ ስላለ አንድ ሰው ሲል ትንፋሹን ይዞ ቆመ። ማርሻሎው ዙሪያውን አየ፤ ፊቱ ላይ ደስታ ነበር፤ በቃሉ ተደናግጠው የቆሙ ነው የመሰለው። በእጁ «ድገም» አለኝ። እንዴት ልድገም? የቆመን ሰው ደግሞ አያቆሙትም።

ከጨው ተራው በኩል አንድ ሽማግሌ በዘንጋቸው ተደግፈው ወደ ፊት መጡ። እንደ ወጉ ነው፤ ሰው ያቆመ ሰው ለምን እንዳቆመ ይጠየቃል።

«ልጄ፥ አቁመኸናል፥ ቆመናል» አሉ። «ጠብህ ከማን ጋር ነው?»

ዓይኔ ሳላዝዘው ወደ ወንበሩ ሄደ። የገበያው ዓይን ሁሉ ዓይኔን ተከትሎ ሄደ። ማርሻሎው ሕዝቡ ወደ እሱ ሲዞር ጊዜ ሰላምታ መሰለውና እጁን አነሣ።

«አባቴ» አልሁ፤ «ከሳሹም ተከሳሹም እዚህ ነን። ዳኛው ነው የሌለ።»

የሽማግሌው እንባ መጣ፤ የእኔም መጣ። ከዚያ ዘንጋቸውን መሬት መቱና በችሎት ድምፅ፥

«እንግዲያው ዳኛው እስኪመለስ ቀጠሮ ነው! ወደየገበያችሁ!» አሉ።

ገበያው ተንቀሳቀሰ። አህያው አናፋ፥ ሴትዮዋ በርበሬዋን መስፈሯን ቀጠለች። ማርሻሎው ሽማግሌው ምን እንዳሉ ኪዳኔን ጠየቀው። ኪዳኔ ሽማግሌውን አየ፥ እኔንም አየ። ከዚያ አጭር ነገር ተናገረ፤ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ማርሻሎው ግን ራሱን በአዎንታ ነቅንቆ ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ሳይጠይቀኝ ተነሥቶ ሄደ።

ከበርሜሉ ወረድሁ። ኪዳኔ ገመዱን ፈታልኝ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ የእኔንና የእንድሪስን ቋጠሮ በጣቱ መፍታት ጀመረ። ሁለት ቀን ጠብቋልና እምቢ አለው። አንገቱን እንዳቀረቀረ፥ እኛ ብቻ እንድንሰማው፥

«ቀጠሮው መቼ ነው አሉ?» አለኝ።

«አንተን ምን አገባህ?» አልሁት።

ቋጠሮውን ሳይለቅ ቀና ብሎ አየኝ።

«እኔም ቆሜ ነበር» አለ።